ቴክ ውስጥ እንዴት ነው የሚከረመው? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ አዲስ አበባ የምሰራ ዴቨሎፐር ነኝ፣ ከተመረቅኩ ስድስት አመት ሆኖኛል። ሥራ ስጀምር የገባሁበት ፕሮጀክት በአንጉላር ጄኤስ ነበር (ድረ ገጽ መሥሪያ ፍሬምወርክ፣ ማለትም ዝግጁ የኮድ ማዕቀፍ ነው)፣ እሱን ለመድኩት ስል ሪአክት ልመድ ተባልኩ፣ ከዛ የሞባይል አፕ መሥሪያው ፍላተር፣ አሁን ደሞ ኮዱን ኤአይ ራሱ ይጽፈዋል እየተባለ ነው። ሁሌ ከዜሮ የምጀምር ይመስለኛል። ጓደኞቼ ግማሾቹ ዱባይ ገብተዋል፣ ግማሾቹ ዶላር በሚከፍል ሪሞት ሥራ ላይ ናቸው። ሰላሳ ሊሞላኝ ነው፣ በዚህ ሙያ እስከ ሃምሳ አመት መቆየት ይቻላል ወይስ ሳይመሽ ወደ ሌላ ነገር ልዙር?
ኤ. ከሲኤምሲ

መልስ፦ ወንድሜ ይቻላል፣ ከሃምሳም አልፎ ይቻላል። ግን "ከዜሮ" ያልካት ነገር ላይ አልስማማም። አዎ አንጉላር ጄኤስ ሄዷል፣ ጎግል በፈረንጆቹ 2021 መጨረሻ ድጋፉን አቁሟል፣ ከሱ በፊት ስንት ሰው እንጀራ የበላበት የድረ ገጽ አኒሜሽንና ጌም መሥሪያው ፍላሽም በ2020 መጨረሻ ተዘግቷል። አሁን ደሞ ከነዚህ ስር ያለውን እየው። ዳታን በሰንጠረዥ አስቀምጦ እርስ በርስ ማያያዝ የሚለውን ሐሳብ የአይቢኤም ተመራማሪ የነበረው ኤድጋር ኮድ ያሳተመው በ1970 ነው፣ ዳታቤዝን የምንጠይቅበት ቋንቋ ኤስኪውኤል የመጣው ከዛ ነው፣ እስካሁንም አለ። የሊኑክስ ትዕዛዞች መነሻ የሆነው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ዩኒክስ በ1969 ቤል ላብስ ውስጥ ተጀመረ፣ ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ገብተህ ከምትጽፋቸው ትዕዛዞች ብዙዎቹ በእድሜ ይበልጡሃል። ኔትወርኩ የሚግባባበት ቲሲፒ አይፒም የኢንተርኔት መነሻ በሆነው አርፓኔት ላይ ሥራ ላይ የዋለው በ1983 መጀመሪያ ነው። አንተ ስድስት አመት ሙሉ ስትቀያይር የቆየኸው ከላይ ያለውን ነው፣ ከታች ያለውን ምን ያህል ነክተኸዋል?

እኔ የምመክርህ ከምታጠናበት ሰዓት አብዛኛውን ወደ ታች አውርደው ነው። አንድ ገጽ ቀስ ብሎ ሲከፍት ብዙ ልጅ ፍሬምወርክ ስለመቀየር ማውራት ይጀምራል፣ ዳታቤዙን የሚያውቅ ሰው ግን ኤክስፕሌይን በሚለው ትዕዛዝ ኩዌሪውን (ለዳታቤዙ የሚቀርበውን ጥያቄ) ያየዋል፣ ኢንዴክስ (እንደ መጽሐፍ ማውጫ ያለ) ስለሌለው ሰንጠረዡን ከላይ እስከ ታች እያነበበ እንደሆነ ያገኛል፣ ኢንዴክሱን ይጨምራል፣ ከሰዓት በኋላ ሥራው አልቋል። እንዲህ አይነት ሰው በየትኛውም አመት በየትኛውም ቋንቋ ይፈለጋል፣ ይሄን ደሞ ከሥራህ ሳትለቅ አሁን ባለህበት ፕሮጀክት ላይ መማር ትችላለህ።

ሁለተኛው ነገር አንድ ዘርፍ ይዘህ በደንብ ማወቅ ነው፣ ይሄን ሰው ይንቀዋል እኔ ግን ከቋንቋም ከፍሬምወርክም በላይ ነው የማየው። ክፍያን ውሰድ። ቴሌብር በኛ አቆጣጠር ግንቦት 2013 ላይ ጀመረ፣ ኤምፔሳ ነሐሴ 2015 ገባ፣ ታህሳስ 2017 ላይ ደሞ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው አዋጅ በፓርላማ ጸድቋል። ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ሲስተም የሚሰራ ሰው ገና ብዙ ይፈለጋል ማለት ነው። አንድ ሱቅ አፕ ላይ ክፍያ ስታገናኝ ደንበኛው ይከፍላል፣ ኔትወርክ ይቋረጣል፣ ደንግጦ ድጋሚ ይጫናል፣ ወይ የክፍያ ማረጋገጫው ሁለቴ ይመጣልሃል። እያንዳንዱ ክፍያ የራሱ የማይደገም መለያ ቁጥር ከሌለውና ሁለተኛው ሲመጣ "ይሄን አይቼዋለሁ" ብሎ የሚያልፍ ሲስተም ካልሰራህ፣ ያው አንድ ብር ሁለቴ ይመዘገባል ወይ የሰውዬው ብር ተቆርጦ እቃው አይመጣም። ማታ ማታ ደሞ ያንተን መዝገብ ከባንኩ መዝገብ ጋር ማስታረቅ አለ። መጋቢት 2016 ላይ የንግድ ባንክ ደንበኞች ሂሳባቸው ላይ ከነበረው በላይ ብር ያወጡበትን ሌሊት ታስታውሳለህ፣ ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነና ከሲስተም ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ነው የገለጸው። እንዲህ ያለ ነገር ሲፈጠር የሚጠራው ሰው አዲስ ፍሬምወርክ የሚያውቀው አይደለም፣ ገንዘቡ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ የሚያውቀው ነው።

የኛም አገር ነገር ራሱ እውቀት ነው እኮ። ጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት ቀን ናት፣ አስራ ሁለት ወር ብቻ የሚያውቅ የቀን መምረጫ ይሰበርባታል። ሰው "ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት" ብሎ ቀጠሮ ይይዛል፣ ሲስተሙ በፈረንጅ ሰዓት ቆጥሮ 2 AM፣ ማለትም ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ብሎ ይመዘግበዋል። ሆስፒታል ካርድ ክፍል አንዱ ሀይሉ ብሎ አስገብቶ ሌላው ኃይሉ ብሎ ሲፈልግ ካርዱ የለም ይባላል፣ ስለዚህ ፍለጋው ሀን፣ ሐን፣ ኀንና ኃን እንደ አንድ እንዲቆጥር ማድረግ አለብህ። የአባት ስም የቤተሰብ ስም የሚል ሳጥን ውስጥ ሲገባም አባትና ልጅ በተለያየ "ቤተሰብ" ይመዘገባሉ። የውጭ ኮርሶች ይሄን አያስተምሩህም፣ እዚህ የሚሰራ ሶፍትዌር ሁሉ ግን ይፈልገዋል።

ኤአይ ያልከውን በየቀኑ ተጠቀምበት፣ አትሽሸው። አንድ ልማድ ግን ያዝ፣ እያንዳንዱን መስመር ለሌላ ሰው ማስረዳት ካልቻልክ ኮዱን አታስገባ፣ ባግ (የኮድ ስህተት) ሲገጥምህም ሎጉን (ሲስተሙ የሠራውን የሚመዘግብበትን) መጀመሪያ ራስህ አንብበው ከዛ ጠይቀው። ሌሊት ሲስተሙ ሲወድቅ ስልክ የሚደወለው ላንተ ነው፣ ያኔ ገብቶህ የጻፍከውና ሳይገባህ ያስገባኸው ይለያያል።

ዱባይም ሆነ ሪሞት ክፉ አይደለም፣ ዶላሩም ለቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው። ስትሄድ ግን ደመወዙን ብቻ ሳይሆን ምን ላይ እንደምትሰራ ጠይቅ፣ ሁለት አመት የአፕ ቁልፎችን ቀለም እየቀየርክ ብታሳልፍ ብሩ ይመጣል አንተ ግን እዛው ነህ። ሪሞት ከሆነ ደሞ እንግሊዝኛ መጻፍህን አጠንክር፣ ቲሙ አንተን የሚያውቅህ በጽሑፍህ ነው፣ የሆነ ነገር ለምን በዚህ መንገድ እንደሰራህ አንድ ገጽ መጻፍ የሚችል ሰው ቶሎ ይታያል። ኮንትራቱም በአንድ ኢሜይል ሊቆም ስለሚችል የጥቂት ወር ወጪህን አስቀምጥ።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን አሉ፣ ባንክ ኔትወርክ ክፍል አስር አመት ሰርቻለሁ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። አሁን የክፍል ኃላፊ ሁኚ ተባልኩ። ሥራዬን እወደዋለሁ፣ ስብሰባ አልወድም፣ ግን ደሞ ካልተቀበልኩ ደመወዜ እዚሁ ሊቆም ነው።
ኤም. ከሐዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ የብዙ መሥሪያ ቤቶቻችን ችግር ይሄ ነው፣ የደመወዝ እርከኑ ከኃላፊነት ጋር ስለተያያዘ ጎበዝ ባለሙያ ሁሉ ተገፍቶ አለቃ ይሆናል፣ ከዛ መሥሪያ ቤቱ ባለሙያውንም ያጣል አለቃም አያገኝም። አጥብቄ የምቃወመው ነገር ነው። ኃላፊነት ሌላ ሙያ መሆኑን አውቀሽ ግቢ፣ ቀንሽ የሚያልቀው በሰው ጉዳይ፣ በግዥና በበጀት ነው። መልስ ከመስጠትሽ በፊት የሰው ኃይል ክፍሉን በጽሑፍ ጠይቂ፣ ከፍተኛ ባለሙያ ወይም አማካሪ የሚባል ከኃላፊ እኩል የሚከፈልበት መደብ አለ ወይ፣ ከሌለስ ሊፈቀድ ይችላል ወይ በይ። ካልሆነና ከተቀበልሽው ለአንድ አመት በተጠባባቂነት ልሞክረው ብለሽ መመለሻውን በደብዳቤ አስይዢ። በዛ አመት ውስጥ ከእጅሽ እንዳይወጣ አንድ ቴክኒካል ሥራ ያዢ፣ ፋየርዎል (የኔትወርክ መከላከያ) ይሁን ሌላ፣ ከእጅ ከወጣ መመለሱ ይከብዳል። የሌሊት ተረኝነቱ ኃላፊ ስትሆኚ ይቀራል ወይስ ይብሳል የሚለውንም ጠይቂ፣ ልጆች ላሉት ሰው እሱ ከደመወዝ አያንስም።

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ነው፣ 43 አመቴ ነው፣ ኡበር እነዳለሁ። አንድ የአይቲ ትሬኒንግ በሦስት ወር አስተምረን የሰባት አመት ልምድ ያለው ሬዚሜ እናዘጋጅልሃለን፣ ኢንተርቪው ላይም እናግዝሃለን ይላሉ። ልክፈል?
ቢ. ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ አይክፈሉ ወንድሜ። ትሬኒንጉ ራሱ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ያልሰሩትን ሰባት አመት ግን እንዳይቀበሉ እለምንዎታለሁ። እርስዎ ያሉበት አካባቢ ብዙ የአይቲ ሥራ የመንግሥት ኮንትራት ነው፣ ጀርባዎ ይጣራል፣ በፌዴራል ፎርም ላይ አውቆ የውሸት መረጃ መስጠት ደሞ ወንጀል ነው። ተሳክቶልዎት ቢገቡ እንኳን የሰባት አመት ሰው የሚሰራውን ነው የሚጠብቁብዎ፣ ስንት ሰው በዚህ ጭንቀት ታሟል።

ሌላ በር አለ። ከእርስዎ ብዙም ሳይርቅ አሽበርን አካባቢ ያለው የዳታ ሴንተር ክምችት በዓለም ትልቁ ነው፣ ሰርቨር የሚገጥም፣ ኬብል የሚዘረጋ፣ የተበላሸ ዲስክ የሚቀይር ቴክኒሻን ይፈልጋሉ፣ ፈረቃ ነው፣ ሌሊት መሥራት ለለመደ ሰው ይሆናል። ወይም ሄልፕ ዴስክ (ኮምፒውተር ሲበላሽበት ሰው የሚደውልበት የእርዳታ ክፍል) ይጀምሩ። ሴኩሪቲ ፕላስ የሚባለው የሳይበር ደህንነት ሰርተፍኬት በመከላከያ ሚኒስቴር ኮንትራቶች ብዙ ጊዜ ይጠየቃል፣ የሚያገለግለው ሦስት አመት ስለሆነ ሥራ ለማመልከት ሲቃረቡ ይፈተኑት። ክሊራንስ (የመንግሥትን ምስጢር ለማየት የሚሰጥ ፈቃድ) የሚጠይቀው ሥራ በአብዛኛው ዜግነት ይፈልጋል፣ ዜግነትዎ ገና ከሆነ መጀመሪያ ዳታ ሴንተሮቹ ላይ ያተኩሩ። ሬዚሜው ላይ ኡበሩንም ይጻፉት፣ ስንት አመት እንደነዱና የደንበኞች ነጥብዎ ስንት እንደሆነ፣ ሄልፕ ዴስክ የሚቀጥር ሰው የተናደደ ሰው ማረጋጋት የሚችል ነው የሚፈልገው።