ስለ ኢስቶኒያዊቷ ክሴኒያ ባልታ የጠየቃችሁኝና መልሶቼ

ስለ ኢስቶኒያዊቷ አትሌት ክሴኒያ ባልታ ጥቂት ካነሳሁ ወዲህ ጥያቄው ዘነበ። ደስ ብሎኛል፤ ስለ አጭር ርቀትና ስለ ዝላይ የሚጠይቅ ሰው እኛ ጋ ብዙ አይገኝም። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ማን ናት? ስሟን ሰምቼው አላውቅም።

አይገርምም። የ2016ቱ የሪዮ ኦሊምፒክ ሲነሳ ለኛ ቶሎ ትዝ የሚለን አልማዝ አያና 10 ሺህ ሜትርን በ29:17.45 የጨረሰችበት ቀን ነው። ባልታ እዚያው ስታዲየም ውስጥ ከጥቂት ቀናት በኋላ በርዝመት ዝላይ ፍጻሜ 6ኛ ወጥታለች። የተወለደችው በ1986 በሚንስክ ነው፤ ከተማዋ ያኔ የሶቪየት ኅብረት ነበረች፣ ዛሬ የቤላሩስ ዋና ከተማ ናት። የሮጠችውም የዘለለችውም ግን ለኢስቶኒያ ነው። ኢስቶኒያ 1.3 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት የባልቲክ አገር ናት።

ጥያቄ፦ አንዱ ቦታ ሯጭ፣ ሌላው ቦታ ዘላይ ትባላለች። የቱ ነው ትክክል?

ሁለቱም። 100 ሜትርን ከ11 ሰከንድ ተኩል በታች የገባች ናት። 200 ሜትር ላይም 23 ሰከንድን ትንሽ ብቻ ነው ያለፈችው። በዚያ ላይ ገና በ2006 በሰባቱ ውድድሮች፣ ማለትም በሄፕታትሎን፣ ከ6,100 ነጥብ በላይ ሰብስባለች። ሄፕታትሎን የ100 ሜትር መሰናክል፣ ከፍታ ዝላይ፣ አሎሎ፣ 200 ሜትር፣ ርዝመት ዝላይ፣ ጦር ውርወራና 800 ሜትር በሁለት ቀን ውስጥ የሚካሄዱበት ነው። ዋና ሀብቷ ፍጥነቷ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው።

ጥያቄ፦ ያን ያህል ፈጣን ከሆነች ለምን በ100 ሜትር አልገፋችበትም? ሸሸች ማለት ነው?

ሸሸች የሚለውን ቃል አልወደውም። እስቲ ቁጥሮቹን እንያቸው። ለሪዮ ኦሊምፒክ የሴቶች 100 ሜትር ሚኒማ፣ ማለትም ለመሳተፍ የሚጠየቀው ውጤት፣ 11.32 ነበር። ውድድሩን ያሸነፈችው ጃማይካዊቷ ኢሌን ቶምሰን የገባችው በ10.71 ነው። በ11.4 አካባቢ የምትሮጥ ሴት አገሯ ውስጥ ትነግሣለች፤ ኦሊምፒክ ላይ ግን ፍጻሜውን አታየውም። አጭር ርቀት ጨካኝ ነው። ሦስትና አራት ዓመት ለፍተሽ አንዲት አሥረኛ ሰከንድ ብታሻሽይ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ርዝመት ዝላይ እንምጣ። የሪዮ ሚኒማ 6.70 ሜትር ነበር። የባልታ ምርጥ ዝላይ 6.87 ነው። ያው እግር፣ ያው ፍጥነት፣ አንዱ በር ዝግ ሲሆን ሌላው ክፍት። እንደኔ ከሆነ ይሄ ብልህነት ነው፤ ያላትን ፍጥነት ዋጋ የሚያወጣበት ቦታ ወሰደችው።

ጥያቄ፦ ግን ሩጫና ዝላይ ምን አገናኛቸው? ዝላይ የጉልበት አይደለም እንዴ?

ጉልበትም አለበት። ግን ርቀቱን በዋናነት የሚወስነው ዘላዩ ወደ መነሻው ጣውላ ይዞት የሚመጣው ፍጥነት ነው። ጣውላው 20 ሳንቲም ሜትር ብቻ ስፋት አለው። በሙሉ ፍጥነት እየመጣሽ እግርሽን እዚያ ላይ ማሳረፍ አለብሽ፤ ትንሽ ካለፍሽ ፋውል ነው፣ ቀይ ባንዲራ ይወጣል። ቀደም ብለሽ ከረገጥሽ ደግሞ ልኬቱ ከጣውላው ጫፍ ስለሆነ የዘለልሽው ሳንቲም በከንቱ ይሄዳል። ስለዚህ ፍጥነት ሲጨምር ዕድሉም አደጋውም አብሮ ይጨምራል። ፈጣን ዘላዮች ብዙ ፋውል ሲያበዙ ስታዩ ግድየለሽነት አይምሰላችሁ።

ምሳሌ ካስፈለገ፣ ጀርመናዊቷ ሃይኬ ድሬክስለር በ1992 እና በ2000 በርዝመት ዝላይ የኦሊምፒክ ወርቅ ወስዳለች፤ 200 ሜትርንም በ21.71 ሮጣለች። ሪዮ ላይ በ7.17 ያሸነፈችው አሜሪካዊቷ ቲያና ባርቶሌታም በ4 በ100 ሜትር ዱላ ቅብብል ሁለተኛ ወርቅ ጨምራለች።

ጥያቄ፦ የሕይወቷ ትልቁ ውጤት የትኛው ነው?

ያለ ጥርጥር ቱሪን፣ መጋቢት 2009። የአውሮፓ የቤት ውስጥ ሻምፒዮና ነበር። ባልታ 22 ዓመቷ ነው። 6.87 ዘለለች፣ የአገሯን ክብረ ወሰን ሰበረች፣ ወርቁን ወሰደች። ከኋላዋ ሁለት ሩሲያውያን ነበሩ፤ የሌና ሶኮሎቫ በ6.84፣ ኦልጋ ኩቸሬንኮ በ6.82። ሦስቱንም ሜዳሊያ የለየው 5 ሳንቲም ሜትር ነው! ያቺን ትንሽ አገር በዚያ ቀን አስቧት።

ጥያቄ፦ የቤት ውስጥ ውድድር ያን ያህል ይቆጠራል?

በደንብ ይቆጠራል። እንዲያውም አንድ ንጹሕ ነገር አለው፦ ንፋስ የለም። ውጭ ላይ ከኋላ የሚገፋው ንፋስ በሰከንድ ከ2 ሜትር ካለፈ ውጤቱ ለክብረ ወሰን አይያዝም። አዳራሽ ውስጥ ግን 6.87 ማለት የራሷ 6.87 ነው። ክረምቱ ረጅም በሆነበት አገር ላደገ አትሌት ደግሞ አዳራሹ ቤቱ ነው።

ጥያቄ፦ ከዚያ በኋላ የት ገባች?

በዚያው ዓመት በርሊን ላይ በዓለም ሻምፒዮና 8ኛ ወጣች። ከዚያ እስከ ሪዮው ፍጻሜ ድረስ 7 ዓመት አለ፤ እኔን የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው። የፍጥነት አትሌት ዕድሜ አጭር ነው። ጣውላው ላይ አንድ እግር በዚያ ፍጥነት ሲያርፍ ቁርጭምጭሚቱ፣ ጉልበቱና የታፋው ጡንቻ የሚሸከሙት ጫና ከባድ ነው። ባልታ ግን በ29 ዓመቷ ኦሊምፒክ ፍጻሜ ላይ ቆማ 6.79 ዘለለች። ናይጄሪያዊቷ ኢሴ ብሩሜ በ6.81 አምስተኛ ሆና ቀደመቻት፤ ልዩነቱ 2 ሳንቲም። ነሐሱ በ7.08 ነው የሄደው፤ እሱ ሩቅ ነበር፣ ማጋነን አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ኢስቶኒያ ሌላ ማን አላት?

የኦሊምፒክ ወርቅ ካላችሁ፦ ያክ ኡድማኤ በስሉስ ዝላይ በ1980 (ያኔ ለሶቪየት ኅብረት)፣ ኤርኪ ኖል በዴካትሎን (በአሥሩ ውድድሮች) በ2000፣ ጌርድ ካንተር በዲስከስ ውርወራ በ2008። ሁሉም ወንዶች ናቸው፣ የአጭር ርቀት ሯጭ የለበትም። ባልታን ለየት የሚያደርጋት አንዱ ይሄ ነው። አንድ ልጨምር፣ ማሬ ዲባባ ነሐስ ባገኘችበት በሪዮው የሴቶች ማራቶን መነሻ ላይ ሦስት ኢስቶኒያውያን እህትማማቾች ቆመው ነበር፤ በአንድ ቀን የተወለዱት የሉይክ ልጆች።

ጥያቄ፦ ልጄ 12 ዓመቷ ነው፣ በሰፈሩ የሚቀድማት የለም። በ100 ሜትር ብቻ ላሠልጥናት?

እህቴ፣ እኔ ብሆን አልቸኩልም። ባልታ በወጣትነቷ መሰናክሉንም አሎሎውንም ጦሩንም ሞክራለች። ልጅሽም ትዝለል፣ መሰናክል ትለፍ፣ ኳስም ትጫወት። አሁኑኑ በየቀኑ የሩጫ ሰዓት እየያዘ የሚያስጨንቃት አሠልጣኝ ካለ ራቂው። የእሷ ቦታ የቱ እንደሆነ በ16 እና በ17 ዓመቷ እግሯ ራሱ ያሳይሻል።

ጥያቄ፦ የ2009ኙ 6.87 ዛሬ ምን ያደርጋል?

ለቶኪዮ ኦሊምፒክ የሴቶች ርዝመት ዝላይ ሚኒማ 6.82 ነበር። ለ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ወደ 6.86 ከፍ አለ። የባልታ ዝላይ ከ15 ዓመት በኋላም በ1 ሳንቲም ያልፋል።