አጥሬን የወረረው ሐረግ ጠምበለል ነው?

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ በተከራየነው ቤት አጥሩን ሙሉ የሸፈነ ሐረግ አለ። ግንቦት ላይ ሲያብብ ግቢውን ያውደዋል። እኔ ጠምበለል መስሎኛል። ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ ለሳሌ አፍልቼ ልጠጣው ብላ ተነስታለች፤ ቻይናዊቷ ጎረቤታችን ለጉሮሮ ትጠጣዋለች። ልጆቼ ደግሞ አበባውን ሲመጥጡ ያዝኳቸው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄ ጠምበለል ሳይሆን የጃፓን ሃኒሰክል ነው። አንድ አበባ ቀጥፈሽ እዪው። ጠምበለል እንደ ኮከብ ይዘረጋል። ይሄኛው ግን ከንፈር አለው፤ ሰፊው ወደ ላይ፣ ቀጭኑ ወደ ታች ይታጠፋል፣ ከመሃሉም ረጃጅም ክሮች ይወጣሉ። ነጭ ሆኖ ይፈነዳና ሲውል ሲያድር ወደ ቢጫ ይለወጣል። ለዚህ ነው አንዱ ሐረግ ላይ ሁለቱንም ቀለም የምታዪው።

ልጆቹን አትቆጪ። አበባውን ከሥሩ በጥፍር ቆንጠጥ አድርገው ቀጭኑን ክር ሲስቡት ጫፉ ላይ የማር ጠብታ ይዞ ይወጣል። የአሜሪካ ልጆችም የሚያደርጉት ነው። በኋላ የሚያፈራውን ጥቁር የሚያብለጨልጭ ፍሬ ግን እንዳይነኩ፤ ሆድ ያውካል፣ ያስመልሳል።

ወደ እናትሽ ልምጣ። ቻይናዎች ለትኩሳትና ለጉሮሮ የሚያፈሉት እንቡጡን ነው፤ ሳይፈነዳ ለቅመው ያደርቁታል። የጥንት መድኃኒታቸው ነው። ያንቺ አጥር ላይ ማን ምን እንደረጨበት ግን በምን ታውቂያለሽ? እናትሽ ክኒን የሚወስዱ ከሆነማ ሐኪም ሳይጠይቁ አይቅመሱት። ለጊዜው ዝንጅብል በማር ይበቃቸዋል፤ ሳሉ ከሰነበተ አሳክሚያቸው።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ይህ ሐረግ እንደ ፈረንጆች በ1806 ለጌጥ ተብሎ ኒውዮርክ፣ ሎንግ አይላንድ ገባ። ኋላም አፈር እንዳይሸረሸር ብለው ሆን ብለው ተከሉት። አሁን ጫካ ገብቶ ችግኝ ያንቃል። ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆኑት የቼሮኪ ሴቶች ግን አወቁበት፣ ቅርጫት ይሠሩበታል።

አከራይሽን አስፈቅጂና ንቀዪው። ጥር ላይ ሌላው ቅጠሉን አራግፎ እሱ አረንጓዴ ስለሚሆን በቀላሉ ይለያል። መሬት የነካው ግንድ ሁሉ ሥር ስለሚያወጣ ቆርጠሽ ብቻ አትተዪው። በምትኩ የአገሩን ቀይ ሃኒሰክል ትከዪ፤ ሥሩ ጥላ፣ አናቱ ፀሐይ ይስማማዋል። እውነቱን ለመናገር ሽታ የለውም፤ ሃሚንግበርድ የምትባለው ትንሽ ወፍ ግን ትወደዋለች። ችግኝ መሸጫ ስትሄጂ «ኮራል ሃኒሰክል» በዪ፤ ሃኒሰክል ብቻ ካልሽ ሌላ ዓይነት ሊሰጡሽ ይችላሉ።