ጨርቄን አልጣልኩ፣ ሳይኮሎጂስት ምን ያደርግልኛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ለንደን ነው፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው የመገጣጠሚያ በሽታ ከያዘኝ 4 ዓመት አልፎኛል፣ ሜቶትሬክሴት የሚባለውን መድኃኒት በሳምንት አንዴ እወስዳለሁ። ጠዋት ጣቶቼ ድርቅ ብለው የልጄን ጃኬት ዚፕ መዝጋት ሁሉ ያቅተኛል። በቀደም ለነርሷ ከህመሙ ይልቅ ድካሙ ነው የገደለኝ ብላት ሳይኮሎጂስት ጋ ልላክሽ አለችኝ። ታስመስላለች ብላ ነው ብዬ ተናድጄ ወጣሁ። ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ እህቴ መናደድሽ አይገርመኝም፣ እኛ ሳይኮሎጂስት ሲባል ቀጥታ አማኑኤል ነው የሚታየን። ነርሷ ግን ከራሷ አላመጣችውም። እዛው እንግሊዝ የህክምና መመሪያ የሚያወጣው ናይስ በፈረንጆቹ 2018 ባወጣው ላይ፣ የዚህ በሽታ ታማሚዎች ከህመሙ ጋር መኖር እንዲቀላቸው የስነ ልቦና እርዳታ ይሰጣቸው ይላል። ሰውነትሽ የራሱን መገጣጠሚያ እያጠቃ ነው፣ በሀሳብሽ ፈጠርሽው ያለሽ የለም።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሲቢቲ የሚሉት የንግግር ህክምና ነው። ስለ ልጅነቴ ሊያወጣጡኝ ነው ብለሽ አትስጊ፣ ባብዛኛው የሚጠይቁሽ ትናንት ምን ስትሠሪ ዋልሽ ነው። እስቲ ልገምት፣ ቀለል ያለሽ ቀን የተከመረውን ልብስ ታጥቢያለሽ፣ ሊጡ ኩፍ ብሏል ብለሽ 20 እንጀራ ባንዴ ትጋግሪያለሽ፣ ማታ ደሞ እንግዳ ይመጣል ቡና ታፈያለሽ፣ ከዛ ሁለት ቀን አልጋ ላይ! ይሄንን በየቀኑ ያስጽፉሻል፣ ተጽፎ ስታዪው ነው የሚገባሽ። ከዛ የሚያለማምዱሽ 6 ጋግረሽ የቀረውን ሊጥ ፍሪጅ መክተት፣ ሳይደክምሽ በፊት ቁጭ ማለት ነው። ለኛ ሴቶች ይሄ ከኪኒኑ ይመራል፣ ሥራ ጀምሮ መተው ነውር ነው የሚመስለን። ሌላው ዚፑ ነው፣ ዚፕ አቃተኝ ብለሽ ጀምረሽ ልጄን ማሳደግ አልችልም ላይ የምትደርሽው በስንት ደቂቃ ነው? እንዲህ ያለውን ሀሳብ መያዝም ያለማምዱሻል።

ድካሙ ግን ከደም ማነስም ሊሆን ስለሚችል ደምሽን አስመርምሪ። የንግግር ህክምናው የመገጣጠሚያሽን እብጠት አያወርድልሽም፣ ሜቶትሬክሴቱን ሳታማክሪ እንዳታቆሚ። ኑሮው ራሱ ካስጠላሽ ደሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ለጂፒሽ፣ ማለት ለሰፈርሽ ጠቅላላ ሐኪም፣ ንገሪ።

እንግሊዝ ውስጥ ኤንኤችኤስ ቶኪንግ ቴራፒስ የሚባለው የመንግሥት የንግግር ህክምና አገልግሎት በነፃ ነው፣ ራስሽም መመዝገብ ትችያለሽ። አስተርጓሚ ጠይቂ፣ ልጅሽን እንዳታስተረጉሚ አደራ። ለነርሷም ደውለሽ ያን ቀን ሳይገባኝ ነው በያት፣ ለምደውታል።