ሁሉንም በጥርስ አታሳብቡ፦ የጅማ ወላጆች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከጅማ የደረሱኝ ጥያቄዎች በአብዛኛው ስለ ሕፃናት ጥርስና ስለ ሌሊት እንቅልፍ ናቸው።

ልጄ ዘጠኝ ወሯ ነው፤ አንድም ጥርስ የላትም።

አይዞሽ እህቴ፣ ዓመት እስኪሞላቸው የሚዘገዩ አሉ። ዓመት ከመንፈቅ ካለፋት ለጥርስ ሐኪም አሳዪያት።

የሰባት ወሩ ልጃችን ድዱ አብጦ ሌሊቱን ሙሉ ያለቅሳል፤ ጄል እንግዛ ወይስ ማታ ማታ ፓራሲታሞል እንስጠው? (አንድ አባት፣ ከአጂፕ)

ጄሉን ተወው ወንድሜ። ቤንዞኬይን የተባለው ማደንዘዣ ያለበት ጄል ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ሊያደርግ ይችላል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 ከ2 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ አስጠንቅቋል። እጅህን በሳሙና ታጠብና ድዱን በጣትህ ቀስ አድርገህ እሸው፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅም አስነክሰው። ፓራሲታሞል በጣም ሲያመው ብቻ ነው፣ ያውም በክብደቱ ልክ። በቡና ማንኪያ አይለካም፤ ፋርማሲውን ጠይቅ። ሌሊት ሲነቃ መብራት አታብሩ፣ አታጫውቱት። ጠብቶ ካልተኛ እናቱ ትረፍና አንተ አቅፈህ አባብለው። አንድ ጥርስ ሲወጣ የሚያሳምመው ለጥቂት ቀናት ነው፤ ሳምንታት ከዘለቀ ሌላ ምክንያት አለው።

ድዱን ማር ብቀባውስ?

የአገራችሁ ማር የተመሰገነ ነው፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን በጭራሽ።

የስምንት ወር የልጅ ልጄን ካስቀመጣትና ካተኮሳት ሦስተኛ ቀኗ ነው። ጎረቤት «የጥርስ ነው፣ ይነቀልላት» ይለኛል። (አንዲት አያት)

እማማ፣ እባክዎ እንዳያስነኳት። ጥርስ ማብቀል ልጅን ያነጫንጫል፣ ለሃጭ ያበዛል፣ ገላዋንም ትንሽ ሞቅ ሊያደርገው ይችላል። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ግን አያመጣም፤ ተቅማጥም አያመጣም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጥርስ የሚጀምረው 6 ወር ገደማ ነው። በዚያው ሰሞን ልጅ ገንፎና አጥሚት ትጀምራለች፣ እየዳኸች ያገኘችውን ሁሉ አፏ ትከታለች፣ ከእናቷ ያገኘችው የበሽታ መከላከያም እየሳሳ ይሄዳል። ተቅማጡ ከዚህ ይመጣል፤ የሚወቀሰው ጥርሱ ነው።

ነቃዮቹ ድዷን ሰንጥቀው ነጭ፣ ለስላሳ ነገር ያወጡና «በሽታው ይኸው» ብለው ያሳያሉ። በሽታ አይደለም፤ ገና ያልጠነከረ የወተት ክራንቻዋ ነው። ከ9 እስከ 12 ዓመቷ ሊወጣ የሚገባው ቋሚ ጥርስም አብሮ ሊጎዳ ይችላል። ባልተቀቀለ ብረት መንጋጋ ቆልፍና ኤችአይቪ ይተላለፋሉ፤ ደሙም አልቆም ሊል ይችላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ይህን ያስቀጣል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ነቃይ ደጅ የሚባክነው ቀን ነው፤ በዚያ ቀን ልጅቷ ውስጥ ያለው ውሃ እያለቀ ነው።

ጡት እንዳይቋረጥባት። ኦአርኤስ በከረጢቱ ላይ በተጻፈው ልክ በጥብጠው በማንኪያ ቶሎ ቶሎ ይስጧት፤ ዛሬውኑም ጤና ጣቢያ ይውሰዷት፣ ዚንክ ይሰጧታል። ጅማና አካባቢዋ ወባ አለ፤ የደም ምርመራ ሳይደረግላት እንዳይመለሱ። ዓይኗ ከጎደጎደ፣ ስታለቅስ እንባ ካጣች፣ ደም ከቀላቀለባት ወይም ጡት እምቢ ካለች ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል።

ጥርሱን መቦረሽ መቼ ልጀምር?

የመጀመሪያዋ ጥርስ ብቅ ካለችበት ቀን ጀምሮ፣ ጠዋትና ማታ፣ በለስላሳ የሕፃን ብሩሽ።