ማይክ ከመግዛትህ በፊት አጨብጭብ

ማራኪ በሚባለው ሰፈር በተከራየው ክፍል ዘፈን የሚቀዳው ወንድማችን ላነሳው ጥያቄ መልስ ነው፤ «ድምፁ ጉድጓድ ውስጥ የተዘፈነ ይመስላል። ያለኝ ዳይናሚክ ማይክ ነው። ኮንደንሰር ልግዛ ወይ?» ላለው። ዳይናሚክ በይበልጥ ቅርብ ያለውን ድምፅ የሚይዝ ማይክ ነው፣ ኮንደንሰር ደግሞ ስሱን ድምፅ ሁሉ የሚለቅም።

አትግዛ። ለጊዜው ማለቴ ነው። እኔ ገዝቼ አይቼዋለሁ።

ፒያሳ አጠገብ አንዲት ክፍል ይዤ ስጀምር ጥፋቱን ሁሉ ማይኩ ላይ ነበር የማላክከው። ብር አጠራቅሜ ኮንደንሰር ገዛሁ። የመጀመሪያውን ቀረጻ በሄድፎን ሳዳምጥ ዘፋኙ እንደ ድሮው ጉድጓድ ውስጥ ነው። አዲስ የመጣው ነገር የባጃጅ ጡሩምባ፣ የጎረቤት ሙቀጫና ፀሐይ ሲመታው ጠቅ ጠቅ የሚለው ቆርቆሮ ነው። ኮንደንሰር ጆሮው ቀጭን ነው፣ ክፍሉ መጥፎ ከሆነ መጥፎነቱን አጥርቶ ያሰማሃል።

አሁን ክፍሉ መሃል ቁምና ጠንከር አድርገህ አንዴ አጨብጭብ። ከጭብጨባው ኋላ «ትርርር» የሚል ከተከተለ ችግርህ እሱ ነው። ድምፁ ከባዶው ግድግዳና ከሲሚንቶው ወለል እየነጠረ ማይኩ ውስጥ ይገባል። ሪቨርብ (ማስተጋባት) በኋላም ትጨምራለህ፤ የተቀዳውን ማውጣት ነው መከራው።

እኔን ያዳነኝ ፍራሽ ነው። ከዘፋኙ ፊት ሳይሆን ከጀርባው አቆምኩት። ካርዲዮይድ የሚባለው ማይክ ይበልጥ የሚሰማው ከፊቱ የሚመጣውን ነው፤ ከዘፋኙ ጀርባ ያለው ግድግዳ ደግሞ ለማይኩ ፊት ለፊት ነው። ግራና ቀኝ ብርድ ልብስ ሰቀልኩ፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ አነጠፍኩ። የእንቁላል ካርቶን ተወው። ቀጭን ድምፅ ጥቂት ቢቀንስ ነው፣ ወፍራሙን አይነካውም። ለፎቶ ግን ያምራል።

ከዚያ ርቀት። በአፍና በማይክ መሃል አንድ ስንዝር ይበቃል። ርቀቱን በግማሽ ስትቀንስ ቀጥታ የሚመጣው ድምፅ ወደ 6 ዲሲቤል ይጨምራል፣ የክፍሉ ማስተጋባት ግን ባለበት ይቆያል። ያኔ ጌይኑን (ማይኩ የሚይዘውን ድምፅ የሚያጎላውን) ዝቅ ታደርጋለህ፣ ባጃጁም አብሮ ይርቃል። ከዚያ በላይ ከተጠጋህ ወፍራሙ ድምፅ ያይላል፣ «ፐ»ን የመሰሉ ፊደላት ይፈነዱብሃል። ማይኩን ትንሽ ወደ ጎን አዘንብለው።

መጠጋት ሁልጊዜ አይሠራም ታዲያ። አንድ ጎልማሳ አዝማሪ ስቀዳ ማይኩን የማሲንቆው ቆዳ ሥር ወሸቅኩት። የተቀዳው የደጋኑ ፍግፊያ ብቻ! ሰምተው «ልጄ፣ የምትቀዳው ጭራውን ነው ወይስ እኔን?» አሉኝ። ሁለት ስንዝር ያህል ወደ ኋላ ሳብኩት፣ ከፍታውን ደረታቸው ጋ አደረግኩ። በአንድ ማይክ ድምፃቸውም ማሲንቆውም ገባ። ዘፈናቸው ሲያንስ ማይኩን ጣት ያህል ከፍ፣ ማሲንቆው ሲያንስ ዝቅ። ሌላ ሚክሲንግ አላስፈለገውም።

«ዥዥዥ» የሚል ድምፅ ከሰማህ ደግሞ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀል። መብራታችን 50 ኸርዝ ነው፣ ማለትም ሞገዱ በሰከንድ 50 ጊዜ ይርገበገባል፤ ሶኬቱ አርዝ (የመሬት ሽቦ) ከሌለው ያ ጉርምርምታ ቀረጻው ውስጥ ይገባል። በባትሪ ቅዳ፤ መብራት ሲሄድም ቀረጻው አይቋረጥብህም። የቀረጻ ፕሮግራሙን 24 ቢት ላይ አድርገው፣ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ (ድምፁ መሰባበር ከሚጀምርበት) በታች 12 ዲሲቤል አካባቢ ይሁን።

ሐምሌ ላይ ቆርቆሮ ሥር ከሰዓት በኋላ የቀረጻ ቀጠሮ አትያዝ። ዝናቡ ከጀመረ ፍራሽም አያድንህም።

ፍራሹን አቁመህ በዚያው ዳይናሚክ ቅዳና ልቀቀው፣ እንሰማዋለን።