ሽቶ ቅመማ ለመጀመር የጠየቅሽው እህቴ፣ መጀመሪያ ሚዛን ግዢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፍራንክፈርት ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ እንደምትሠሪ፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ ሽታ እንደሚስብሽ፣ ኬሚስትሪ ግን ከአሥረኛ ክፍል ወዲህ እንዳላየሽ ጽፈሻል። «በ34 ዓመቴ ሽቶ ቅመማ መማር እችላለሁ? ወይስ የግድ ፈረንሳይ ሄጄ ትምህርት ቤት መግባት አለብኝ?» ነው ያልሽው። ፈረንሳይ ከመጣሁ 12 ዓመት ሆነኝ፤ ዘጠኙን የሠራሁት ግራስ ከተማ በሚገኝ የሽቶ ፋብሪካ ውስጥ ስለሆነ ያየሁትን ልንገርሽ።

ትችያለሽ። መጀመሪያ የምትገዢው ዕቃ ግን ሚዛን ይሁን።

እኔ ካን ከተማ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳ ነበር። የበጋው ሥራ ሲያልቅ አንዲት ባልደረባዬ ግራስ ያለ ፋብሪካ ዕቃ አጣቢ እንደሚፈልግ ነገረችኝ። ግራስ የጥንት የቆዳ ፋቂዎች ከተማ ናት፤ ሽቶው የገባው የቆዳ ጓንትን ክፉ ሽታ ለማሸነፍ ነበር። ዛሬ የከተማዋና የአካባቢዋ የሽቶ ጥበብ ከ2018 ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። እኔ ግን ይህን ሁሉ ሳላውቅ አንድ ዓመት ተኩል ብልቃጥ አጠብኩ። ከዚያ ወደ ሚዛን ክፍል አዛወሩኝ።

የሚዛን ክፍል ሥራ ቀማሚው የጻፈውን ቀመር መዝኖ ማዘጋጀት ነው። በአንድ ቀመር ውስጥ ስልሳ ሰባ ዓይነት ነገር ይኖራል፤ አንዱ 12 ግራም፣ ሌላው 0.004 ግራም። በሁለተኛው ወር በአልኮል ተበርዞ መግባት የነበረበትን ሲስ-3-ሄክሰኖል ሳይበረዝ ጨመርኩት። ይህ ነገር የታጨደ ሣር ሽታ ነው። የጠዋት ሥራዬ በሙሉ ተደፋ፤ ክፍሉ እስከ ማታ ሣር ሣር ሸተተ። አለቃዬ አልተቆጣም። «ጠርሙሱን ከማንሳትሽ በፊት የተለጠፈበትን ጮክ ብለሽ አንብቢ» አለኝ። ዛሬም ቤቴ ብቻዬን ስሠራ ጮክ ብዬ አነባለሁ።

ከሚዛኑ ይልቅ የከበደኝ ቋንቋው ነበር። ባልደረቦቼ የማሽተቻ ወረቀቱን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አይቼው የማላውቀውን አበባ ስም ይጠራሉ፤ እኔ ዝም እላለሁ። አፍንጫዬ የደነዘዘ መስሎኝ ብዙ ሌሊት አልቅሻለሁ። አንድ ቀን ጓያኮል የሚባለውን ሳሸት ግን እናቴ የእርጎ ቅል በወይራ ስታጥን ፊቴ ላይ ድቅን አለች። ማታውኑ ደብተር ገዛሁና በአማርኛ መጻፍ ጀመርኩ። ጂኦስሚን፦ የመጀመሪያው ዝናብ ያረፈበት አቧራ። አልዲኃይድ ሲ-12፦ በካውያ የተተኮሰ ንጹሕ ነጠላ። ዩጂኖል፦ ቅርንፉድ። ያ ያስደፋኝ ሣር፦ ለበዓል የተጎዘጎዘ ቄጠማ። የፈረንሳዮቹ የሚርት ዘይት ደግሞ የራሳችን አደስ ሆኖ አገኘሁት፤ የአያቴ የፀጉር ቅቤ። በስድስት ወር ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ ከመቶ በላይ ሽታ ለየሁ። አፍንጫዬ ድሮም ያው ነበር፤ የጎደለኝ ስም ነው።

ስለዚህ ሁለት መቶ ጠርሙስ አትግዢ፤ ሃያ ይበቃሻል። ነጠላ የሽታ ንጥረ ነገሮቹ ሊናሎል፣ ሄዲዮን፣ ቫኒሊን፣ ኩማሪንና ጋላክሶሊድ፣ ከዕፅዋት ዘይቶች ደግሞ ፓቹሊ፣ ቬቲቨርና ላቬንደር ከመጀመሪያዎቹ መካከል ይሁኑ። እያንዳንዱን አንድ ግራም ከዘጠኝ ግራም አልኮል ጋር አዋህጂ። ወዲያው አሽትቺ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ አሽትቺ፣ በማግሥቱም አሽትቺ፤ በአማርኛ ጻፊ። በጠብታ አትቁጠሪ፤ የወፍራም ዘይት ጠብታና የቀጭን ዘይት ጠብታ እኩል አይመዝኑም፤ ያማረ ነገር ብትሠሪ እንኳ መድገም ያቅትሻል።

ሁላችንም መጀመሪያ የሚያምረን የቡናችንን ሥነ ሥርዓት ጠርሙስ ውስጥ መክተት ነው። እኔም ከመተማ የመጣ ዕጣን ፈጭቼ 20 ግራሙን በ80 ግራም አልኮል ዘፈዘፍኩ፤ በየቀኑ እየነቀነቅሁ አራት ሳምንት ጠበቅሁ። ሙጫው ከሥር ነጭ ሆኖ ቀረ፤ ፈሳሹን አጥልዬ ሳሸተው የብርቱካን ልጣጭ ሸተተኝ። ልቤ ተሰበረ። ኋላ ምክንያቱን ተማርኩ፦ የመተማው ዛፍ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ይባላል፤ በዘይቱ ውስጥ የሚበዛው ኦክቲል አሲቴት የሚባል ብርቱካን ብርቱካን የሚል ነገር ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቡና ላይ የምናሸተው ጢሱን ነው። ያን ጢስ የሚሠራው ፍም ነው፤ አልኮል ከዕጣኑ ውስጥ ሊያወጣው አይችልም። ስለዚህ በጥቂት ጓያኮል፣ በተቆላ ቡናና በኮረሪማ ዘይት ከባዶ ልገነባው ተነሣሁ። ሠላሳ አንደኛውን ሙከራ እህቴ አሽትታ «ከሰሉ ገና አልቀላም» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ አሁንም እየሠራሁበት ነው።

በሚዛን ክፍሉ መደርደሪያ ላይ «ሲቬት» የሚል ጠርሙስ አለ። የኛ ዝባድ ነው፤ ለዘመናት ከጥርኝ እየተወሰደ በከብት ቀንድ ታሽጎ ከአገራችን ይወጣ ነበር። በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ግን ሰው ሠራሽ ነው። ለዝባድ ዋና ሽታውን የሚሰጠውን ንጥረ ነገር ኬሚካላዊ አወቃቀር በ1926 የፈታው ሌዎፖልድ ሩዚችካ ከክሮኤሺያ ወጥቶ ስዊዘርላንድ የኖረ ኬሚስት ነው፤ በ1939 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ያን ጠርሙስ ባነሣሁ ቁጥር እነዚያ ቀንዶች ትዝ ይሉኛል።

ትምህርት ቤቱን በተመለከተ፦ ግራስም ቬርሳይም ጥሩ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ግን ውድ ናቸው፣ ቬርሳይ ያለው ደግሞ የኬሚስትሪ መሠረት ይፈልጋል። ሥራሽን አትልቀቂ። አንድ ዓመት በማታ ቤትሽ ተለማመጂ፤ ፍቅሩ ከቀጠለ ያኔ ትወስኛለሽ።

መሸጥ ሌላ ጉዳይ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ቁጥር 1223/2009 መሠረት እያንዳንዱ ሽቶ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ብቃት ባለው ባለሙያ የደኅንነት ግምገማ ሊደረግለት፣ ሰነድ ሊዘጋጅለትና በኅብረቱ መዝገብ ሊገባ ይገባል። በቤተ ክርስቲያን ባዛር ላይ «ለወገን ነው» ብለሽ እንዳትሸጪ እለምንሻለሁ። ለምሳሌ ቤርጋሞት ከሚባለው የሎሚ ዘመድ ልጣጭ የሚወጣ ተራ ዘይት የተቀባ ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቃጠል ይችላል፤ ለዚህ ምክንያት የሆነው ቤርጋፕቴን የሚባል ነገር የወጣለትን መግዛት አለብሽ። ይህን የማያውቅ ሰው የእህቱን አንገት ሊያቆስል ይችላል።

ሚዛኑ ቢያንስ 0.01 ግራም የሚያነብ ይሁን። ሲደርስሽ መጀመሪያ ሊናሎልን አዋህጂና ምን እንደሸተተሽ ጻፊልኝ። እኔ ደብተሬ ላይ «ጠዋት ጠል ያረፈበት በሶብላ» ብዬ ነው የመዘገብኩት፤ ያንቺን ለማወቅ ጓጉቻለሁ።