«ከራስህ እጢ ነው የሚወጣው» የተባለለት መርፌ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ዕድሜዬ 57፣ ሥራዬ የሌሊት ሾፌርነት። ሁለት ዓመት ሆነኝ ጉልበት የሚባል ነገር ከድቶኛል። ቦርጬ ወደፊት ይሄዳል፣ እኔ ወደኋላ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሰርሞሬሊን የሚባል መርፌ በየማታው ሆዱ ላይ ይወጋል፤ «አሥር ዓመት ቀነሰልኝ» እያለ ሊያሳብደኝ ነው። እኔም ክሊኒኩ ጋ ደወልኩ። አሥር ደቂቃ አነጋገሩኝና በወር 280 ዶላር አሉ። «ሆርሞን አይደለም፣ የራስህን እጢ ነው የሚቀሰቅሰው፣ ተፈጥሯዊ ነው» ብለውኛል። ባለቤቴ ደግሞ «እንደ ሰንጋ ልትደልብ ነው?» ትላለች። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባለቤትዎን ይስሙ ብዬ ልገላገል ነበር። ግን ክሊኒኩ ያለዎት ውስጥም ግማሽ እውነት ስላለ ከእሱ ልጀምር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ያንብቡልኝ።)

አንጎላችን ሥር ሽምብራ የምታክል፣ ፒቱታሪ የምትባል እጢ አለች። የእድገት ሆርሞን የሚወጣው ከእሷ ነው። እንደ ቧንቧ ውኃ ቀኑን ሙሉ አይፈስም፤ ቡልቅ እያለ ነው የሚለቀቀው፣ ትልቁ ደግሞ እንቅልፍ በወሰደን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይመጣል። እጢዋን ከላይ ሆነው የሚያዟት ሁለት መልእክተኞች አሉ። አንዱ «ልቀቂ» ይላል፣ ሌላው «በቃሽ»። «ልቀቂ» የሚለው 44 አሚኖ አሲዶች የተያያዙበት ሰንሰለት ነው። ሰርሞሬሊን ማለት የዚህ ሰንሰለት የመጀመሪያዎቹ 29 ናቸው፤ ሥራውን ለመሥራት እነሱ ይበቃሉ። የእድገት ሆርሞኑን ራሱን ቢወጉ «በቃሽ» የሚለውን ዘለው አለፉ ማለት ነው። በሰርሞሬሊን ግን ፍሬኑ እንዳለ ነው። እስከዚህ ድረስ አልዋሹዎትም።

አሁን «ተፈጥሯዊ» ወደምትለው ቃል እንምጣ። ያ «ልቀቂ» የሚለው መልእክተኛ የት እንደተገኘ ያውቃሉ? በ1982 ተመራማሪዎች ለይተው ያወጡት ከጨጓራ ጀርባ ካለው ከቆሽት ዕጢ፣ ማለትም ከካንሰር መሰል እባጭ ነው። ሕመምተኞቹ እጅና እግራቸው፣ አገጫቸው ሳይቀር የሚያድግባቸው ሰዎች ነበሩ። ከውጭ ማንም ምንም አልወጋቸውም። እባጩ የገዛ ራሳቸውን እጢ ሌት ተቀን «ልቀቂ» እያለ ቀሰቀሰባቸው፣ ታመሙ። ስለዚህ «ከራስህ እጢ ነው» የሚለው ወሬ ሲሸጥልዎት እነዚህን ሰዎች ያስታውሱ። ኢንሱሊንም እኮ ተፈጥሯዊ ነው።

ሰርሞሬሊንን የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ1997 የፈቀደው እጢያቸው ሆርሞኑን በቅጡ ባለማመንጨቱ ቁመታቸው አልጨምር ላላቸው ልጆች ነው። ለጎልማሳ ድካምና ቦርጭ ተፈቅዶ አያውቅም። አምራቹ በ2008 ገደማ ከገበያ አወጣው፤ ጉዳት ስለተገኘበት አይደለም፣ ይህን ልደብቅዎ አልፈልግም። ዛሬ ክሊኒኮቹ የሚልኩት በሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት የሚቀምሙ ፋርማሲዎች የሚያዘጋጁትን ነው። ቅምሙን ደግሞ ከመሸጡ በፊት ኤፍዲኤ አይመረምረውም።

የዚህ ሁሉ ማስታወቂያ አባት በ1990 የወጣ አንድ ጥናት ነው። ዕድሜያቸው ከ61 እስከ 81 የሆኑ 12 ወንዶች ለስድስት ወር የእድገት ሆርሞን ተወጉ። ሰርሞሬሊን ሳይሆን ሆርሞኑን ራሱን ማለቴ ነው። ከስብ ውጭ ያለው የሰውነታቸው ክብደት 8.8 በመቶ ጨመረ፣ ስባቸው 14.4 በመቶ ቀነሰ። ዓለም ጉድ አለ። ከዚያ በኋላ የተሠሩት ጥናቶች ተሰብስበው በ2007 ሲገመገሙ ነገሩ ወደ ልኩ መጣ፦ ስብ በአማካይ ሁለት ኪሎ ገደማ ቀነሰ፣ ከስብ ውጭ ያለው ሁለት ኪሎ ገደማ ጨመረ፣ ከዚህ የዘለለ የሚጨበጥ ለውጥ ብዙም አልታየም። ሁለት ኪሎማ በዐቢይ ጾም ብቻ የሚያራግፍ ስንት ሰው አለ! በምትኩ የተገኘው የእግር እብጠት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የእጅ መደንዘዝ ነው፤ ስኳርም ከፍ ወደማለት አዘነበለ። ካንሰር ያለበት ሰው ሆርሞኑን ጭራሹን መንካት የለበትም፣ ምክንያቱም ይህ ሆርሞን ጉበትን የሚያዘው ሴሎች እንዲያድጉና እንዲባዙ የሚያደርግ ንጥረ ነገር እንዲያመርት ነው፣ ክፉውን ሴል ከደጉ ለይቶ አያበዛም።

ደግሞ አንድ የሚገርመኝ ነገር። በኢኳዶር የእድገት ሆርሞን የማይሠራላቸው፣ በዚህ ምክንያት በጣም አጭር የሆኑ ሰዎች አሉ። ለረጅም ዓመታት ተከታትለዋቸው በ2011 ይፋ ሲያደርጉት፣ ካንሰር የለም በሚባል ደረጃ ነው፣ ስኳር የያዘው ደግሞ አንድም አልተገኘም። ሆርሞኑ ሲቀንስ ሁሉ ነገር ተበላሸ የሚሉን ሰዎች ይህን አያነሱትም።

የእርስዎ ጉዳይ ግን እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ሌሊት ይሠራሉ። ቀን ነው የሚተኙት፣ እሱም ስልክ እየጮኸ፣ ልጅ እየገባ እየወጣ። ሆርሞኑ በብዛት የሚለቀቀው በከባድ እንቅልፍ ነው ብያለሁ። ቦርጭ ራሱም ሆርሞኑን ይቀንሳል። እና በየወሩ 280 ዶላር ከፍለው እጢዋን ከመጎትጎትዎ በፊት ባለቤትዎን አንድ ጥያቄ ይጠይቁልኝ፦ «ሳንኮራፋ ትንፋሼ ቁርጥ ይላል ወይ?» አዎ ካሉ የእንቅልፍ ምርመራ ያስፈልግዎታል፤ ይህ ችግር ሰውን ቀኑን ሙሉ ፈዛዛ ያደርጋል፣ መሪ ለያዘ ሰው ደግሞ አደጋ ነው። የስኳር፣ የታይሮይድና የደም ማነስ ምርመራም ከመደበኛ ሐኪምዎ ጋ ያድርጉ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይንገሩት። ከዚያ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ክብደት ማንሳት። የሥራ ባልደረባዎ መርፌውን ሲጀምር ጂምም አብሮ ጀምሮ እንደሆነ ጠይቀውታል? እኔ የማውቃቸው አብዛኞቹ ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የጀመሩት፣ ምስጋናውን የሚወስደው ግን መርፌው ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ከውጭ አገር ሲጄሲ-1295 እና ኢፓሞሬሊን የሚባሉ ሁለት ብልቃጦች በሰው ልካልኛለች፣ ለቆዳና ለወገብ ይጠቅማል ብላ። 66 ዓመቴ ነው፣ ስኳር አለብኝ። የልጅ ልጄ ሲያነበው «ለምርምር ብቻ» ይላል አለኝ። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ከአዲስ አበባ።

መልስ፦ እናቴ፣ አይወጉት። የልጅ ልጅዎ ጎበዝ ነው፣ ትክክል አንብቧል። «ለምርምር ብቻ» ማለት ሻጩ ሰው ላይ ለሚደርሰው ነገር አልጠየቅም ብሎ አስቀድሞ እጁን ታጥቧል ማለት ነው። ብልቃጡ ውስጥ በእርግጥ የተጻፈው ነገር መኖሩን፣ ንጹሕ መሆኑንም ያረጋገጠ የለም። ሁለቱም እንደ ሰርሞሬሊን ያችኑ የእድገት ሆርሞን እጢ የሚቀሰቅሱ ናቸው፤ አሜሪካ ውስጥ እንኳ እንደ መድኃኒት አልተፈቀዱም። ኢፓሞሬሊን ከሆድ ቀዶ ሕክምና በኋላ አንጀትን ያነቃቃል ተብሎ ተሞክሮ ሳይሳካ የቀረ ነው፤ ከቆዳና ከወገብ ጋር ምን እንዳገናኘው እንጃ። የእርስዎ ስኳር ደግሞ ሊጨምር ይችላል። በሻንጣ ስንት ሰዓት ሙቀት ውስጥ እንደቆየ፣ ከዚያ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ፍሪጁ ምን እንዳደረገው አስቡት።

ልጅዎን አይቆጡ፣ በፍቅር ነው የላከችው። በሚቀጥለው ግን የስኳር መለኪያ ወረቀት ትላክልዎ። ብልቃጦቹን ቆሻሻ ላይ አይጣሉ፣ የሚያውቁት ፋርማሲ ይውሰዱና እንዴት እንደሚወገድ ይጠይቁ። የወገቡን ነገር ለሚከታተሉዎት ሐኪም ይንገሩ።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነኝ፣ 44 ዓመቴ ነው። መርፌ እፈራለሁ። ጂም ውስጥ ኤምኬ-677 የሚባል በአፍ የሚወሰድ አለ ይላሉ። እሱስ? አልፎ አልፎ ሩጫ እወዳደራለሁ።

መልስ፦ እሱም እጢዋን ነው የሚቀሰቅሰው፣ በሌላ በር ገብቶ። በ2008 የወጣ ጥናት 60 ዓመት ባለፋቸው 65 ሰዎች ላይ ሞክሮት ነበር። ከስብ ውጭ ያለው ክብደት ትንሽ ጨመረ፣ ጉልበታቸው ግን አልጨመረም፣ ስኳራቸው ከፍ አለ። የዳሌ አጥንታቸው በተሰበረ አረጋውያን ላይ የተጀመረ ሌላ ጥናት ደግሞ የልብ ድካም ምልክት ስለታየ ቶሎ ተቋረጠ። ረሃብም ይቀሰቅሳል፣ ክብደት ለመቀነስ የሚፈልግ ሰው ይህን ይወቀው። ስለ ሩጫው፦ የዓለም ፀረ-አበረታች መድኃኒት ድርጅት እሱንም መርፌዎቹንም ከልክሏል፣ ውድድር ላይ ብቻ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ።